በመምህሩ አጠገብ የተቀመጠ
(ስለ ቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ የሙያ ጎዳና በፍኖተ ሰላም የቀረበ ዲስኩር)

የየትምህርት ቤቱ መምህራን፣ ከቡሬ፣ ከማንኩሳ፣ ከደምበጫና ከጃቢ ጠህናን የገጠር ቀበሌዎች መንገዱ ሳይከብዳችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ እናንተም ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች ሆይ፤

ዛሬ በዚህች ከተማ ልናገርበት የተፈቀደልኝ ነገር፣ ከእርሻና ከንግድ፣ ከሕክምናና ከሕግ ጋር ሲተያይ ቀላል መስሎ የሚታይ፣ እንዲያውም ከመካከላችሁ አንዳንዱን «በበቆሎና በጤፍ አገር ስለ ቅርጫት ኳስ ምን ሊያወራልን ነው?» ብሎ በልቡ እንዲያጉረመርም የሚያደርግ ነው፤ ይኸውም የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ የሚባለው ሰው በምን ዓይነት መንገድ ተጉዞ፣ በማን እጅ ተኰትኩቶ፣ ስንት ዘመንስ ከሰው በታች ተቀምጦ ከመዓርጉ እንደሚደርስ ነው። ይህን ርእስ የመረጥሁት ጨዋታው በእኛ ዘንድ ከእግር ኳስና ከሩጫ ይልቅ ስለ ሠለጠነ አይደለም፤ አልሠለጠነም። የመረጥሁት የዚህ ሙያ ሰዎች የመምህራቸውን ስም፣ የመምህራቸውን መምህር ስም ሳይቀር እየጠሩ የሚኖሩ፣ ከአፍ ወደ ጆሮ የተላለፈ ትውፊት ያላቸው በመሆናቸው፣ ከጎጃም ሕዝብ ይልቅ ይህን ነገር ፈጥኖ የሚያስተውል ሌላ ሕዝብ ይኖራል ብዬ ስላላመንሁ ነው። ዘመኑን ሁሉ፣ የውጭውንም ጭምር፣ በሀገራችን አቈጣጠር እናገራለሁ።

ጨዋታው የተፈጠረው በ1884 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ነው። ያ ዘመን ለእኛ አባቶች ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ በሬ ያጣው ገበሬ ምድሩን በመቆፈሪያ የጫረበት፣ ክፉ ቀን ተብሎ የቀረ ዘመን ነበረ። በዚያው ወራት በአሜሪካ፣ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ፣ እኛ ወወክማ ብለን የምናውቀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ባቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ፣ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ ካናዳዊ ወጣት መምህር፣ ብርዱ ከደጅ ስለ ከለከላቸውና በቤት ውስጥ ጂምናስቲክ ስለ ተሰላቹ ተማሪዎቹ ሲጨነቅ ሰንብቶ፣ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች ከአዳራሹ ሰገነት ላይ ከወዲህና ከወዲያ አስቸንክሮ፣ 13 አንቀጽ ያለው ሕግ ጽፎ አጫወታቸው። ሰገነቱ ከወለሉ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለ ነበረ፣ እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ሁሉ የቅርጫቱ ቀለበት በዚያው ልክ ይሰቀላል፤ አናጢው ሰገነቱን ዝቅ አድርጎ ሠርቶት ቢሆን ኖሮ አጫጭሮቹም ዕድላቸው ይሰፋ ነበር። ይህ ኔይስሚዝ ነገረ መለኮት አጥንቶ የተመረቀ ሰው ነበረ፤ ወጣቱን በመልካም ጠባይ ለማነጽ ከዐውደ ምሕረት ሌላ የጨዋታ ሜዳም መንገድ ይሆናል ብሎ ስላመነ ወደ ሜዳው አዘነበለ።

የሚያስገርመው ግን የጨዋታው አባት በአሠልጣኝነት ያልቀናው መሆኑ ነው። በ1891 ዓ.ም. ወደ ካንሳስ ዩኒቨርስቲ ሄዶ በዚያ 9 ዓመት ቡድን ሲመራ፣ 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸነፈ፤ በዚያ ዩኒቨርስቲ ታሪክ ሽንፈቱ ከድሉ የበለጠ አሠልጣኝ እርሱ ብቻ ሆኖ ቀረ። እርሱም በዚህ አላፈረም፤ ጨዋታው ይጫወቱታል እንጂ ያሠለጥኑታል የሚል እምነት አልነበረውምና፣ ፎግ አለን የተባለው ተማሪው የአሠልጣኝነት ሥራ አገኘሁ ብሎ ሲነግረው እንደ መሳቅ ብሎት እንደ ነበረ ይነገራል። ተማሪው ግን ለመምህሩ ቃል አልታዘዘም። በዚያው በካንሳስ 39 የውድድር ዘመን ወንበር ይዞ፣ ጨዋታው ሥርዓት፣ ስልትና ሐተታ ያለው ትምህርት መሆኑን በተግባር አስረዳ። ከእርሱ እግር ሥር ዲን ስሚዝ የሚባል ተማሪ ተቀመጠ፤ ይህ ልጅ በ1944 ዓ.ም. ሻምፒዮን በሆነው የአለን ቡድን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከመሰለፍ ይልቅ በተጠባባቂዎች ወንበር ላይ የሚቆይ ነበረ፤ በኋላ ግን በሰሜን ካሮላይና 36 ዓመት አሠልጥኖ፣ ማይክል ጆርዳንን የመሰለ ተጫዋች አውጥቷል። ከዲን ስሚዝ እጅ ላሪ ብራውን ወጣ፤ አስቀድሞ ተጫዋቹ፣ ቀጥሎም ረዳቱ ሆኖ ነበረ። ከላሪ ብራውን ደግሞ ግሬግ ፖፖቪች ወጣ። እንግዲህ ቍጠሩት፤ ኔይስሚዝ፣ አለን፣ ስሚዝ፣ ብራውን፣ ፖፖቪች፤ አምስት ትውልድ አንዱ ከሌላው ጉያ።

ይህን ሐረግ ስናገር ከመካከላችሁ ፈገግ ያሉትን አይቻለሁ፤ የምን ነገር እንዳስታወሳቸውም አላጣሁትም። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ እያለ፣ መወድስ ሲደርስ ቤት ይሞላል፤ ቤት ስለ ሞላ ግን በማግሥቱ ወንበር አይዘረጋም። ገና አስነጋሪ ይሆናል፤ ማለት የኔታ ከመምጣታቸው በፊት የታናናሾቹን ቅኔ ሰምቶ፣ ምዕላዱ የጎደለውን ይሞላል፣ ምሥጢሩ የጨለመበትን ያበራለታል፣ የማይረባውን «አፍርሰህ ሥራው» ብሎ ይመልሳል፤ እንዲህ ሲያደርግም ማስተማር የሚባለውን ሁለተኛውን ትምህርት በስውር ይማራል። ከዚያም ኮሮጆውን አንግቶ የሌላ መምህር ጠባይና የሌላ ጉባኤ መንገድ ለማየት ወንዝ ይሻገራል። በመጨረሻው ተመርቆ ወንበር ሲዘረጋ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ የሚጠየቀው የወለደውን አባቱን ስም ለማወቅ አይደለም። በቅርጫት ኳስ ረዳት አሠልጣኝ የሚባለው ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ አስነጋሪው ነው፤ የዛሬው ዲስኩሬም በሙሉ በዚህ በአስነጋሪው ወንበር ላይ የቆመ ነውና ልብ አድርጋችሁ ያዙልኝ።

አሁን የፖፖቪችን መንገድ ጠጋ ብለን እንይ። ይህ ሰው በአየር ኃይል አካዳሚ ተምሮ፣ በዚያው ተጫውቶ፣ በረዳትነትም አገልግሎ፣ በ1972 ዓ.ም. ፖሞና ፒትዘር የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ኮሌጆች በአንድነት ላቋቋሙት ቡድን አሠልጣኝ ሆኖ ተቀጠረ፤ ተጫዋቾቹ ለኳስ ተብሎ የትምህርት ወጪ የማይሸፈንላቸው፣ ከላቦራቶሪ ወጥተው ወደ ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት 24 ጊዜ ተጫውቶ 22 ጊዜ ተሸነፈ። ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ ማደሪያ ሕንጻ ቤተሰቡን ይዞ እየኖረ፣ ቀስ በቀስ ቡድኑን አቃንቶ ለዋንጫ አበቃው። ከዚህ ቀጥሎ ያደረገው ግን ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል። ዋና አሠልጣኝ ተብሎ የሚጠራ፣ በስሙ ቡድን ያለው ሰው ሳለ፣ በ1979 ዓ.ም. የአንድ ዓመት ፈቃድ ወስዶ፣ ወደ ካንሳስ ሄዶ፣ በላሪ ብራውን አጠገብ በበጎ ፈቃድ ረዳትነት ተቀመጠ። ስንቶቻችን ነን ከወንበራችን ተነሥተን፣ ወደ ሌላ ሰው ትንሽ ወንበር ወርደን፣ «አስተምረኝ» የምንል? በማግሥቱ ዓመት ወደ ትንሹ ኮሌጁ ተመለሰ፤ በ1980 ዓ.ም. ብራውን ሳን አንቶኒዮ ወደሚባለው የባለሙያዎች ቡድን ሲሄድ አስከትሎት ሄደ። በ1989 ዓ.ም. ራሱ የዚያ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1991፣ በ1995፣ በ1997፣ በ1999 እና በ2006 ዓ.ም. አምስት ጊዜ ሻምፒዮን አደረገው፤ ወንበሩንም እስከ 2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ድረስ አልለቀቀም።

እርሱም በተራው አስነጋሪዎችን አበዛ። ማይክ ቡደንሆልዘር የተባለው በ1987 ዓ.ም. ገደማ የጨዋታ ፊልም የሚቆራርጥ ጸጥተኛ ሠራተኛ ሆኖ ገባ፤ ከዚያ ረዳት ሆነ፤ ከፖፖቪች ቤት ሳይወጣ 19 ዓመት ከቆየ በኋላ ነው የራሱን ቡድን የተቀበለ፤ በ2013 ዓ.ም. ሚልዋውኪን ሻምፒዮን ሲያደርግ ለብዙ ሰው አዲስ ስም መስሎ ታይቶ ነበር። ቤኪ ሃመን የተባለችውን ሴት በ2006 ዓ.ም. ረዳቱ አድርጎ ሲቀጥር፣ በአሜሪካ የወንዶች ባለሙያዎች ማኅበር ውስጥ ሙሉ ጊዜዋን ለሥራው የምትሰጥ የመጀመሪያዋ ሴት ረዳት እርሷ ሆነች፤ በኋላም የላስ ቬጋስን የሴቶች ቡድን ይዛ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ዋንጫ አነሣች። በማያሚ ደግሞ ኤሪክ ስፖልስትራ እንዲሁ ከፊልም ክፍል ተነሥቶ፣ በ2000 ዓ.ም. ዋና አሠልጣኝ ሆኖ፣ በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ተከታትሎ ሻምፒዮን ሆነ። ሰው እነዚህን በቴሌቪዥን ሲያያቸው ዳኛ ላይ እየጮኹ ነው፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ አንዲት ኳስ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ሄደች ሺህ ጊዜ መላልሰው ያዩበትን ሌሊት ግን ያየላቸው የለም።

ዝቅ ማለት ስል ስለ ሥራው ማዕርግ ብቻ አይደለም። ፓት ሰሚት በ1967 ዓ.ም. በ22 ዓመቷ የቴኔሲ ዩኒቨርስቲ የሴቶች ቡድን አሠልጣኝ ስትሆን፣ የተጫዋቾቹን ማልያ በእጇ የምታጥብ፣ መኪናውንም የምትነዳ እርሷው ነበረች፤ ሥራዋን በፈጸመችበት ጊዜ 1098 ጊዜ አሸንፋ፣ 8 ዋንጫ ሰብስባ ነበረ። ጆን ውድን የእንግሊዝኛ መምህር ነበረ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ፣ በሎስ አንጀለስ፣ የመጀመሪያውን የሀገር ሻምፒዮንነት ያገኘው በ1956 ዓ.ም. በ16ኛው የውድድር ዘመኑ ነው፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ግን በ12 ዓመት ውስጥ 10 ጊዜ አገኘው። ይህ ሰው በየዓመቱ በመጀመሪያው የልምምድ ቀን፣ ከመላው አሜሪካ ተመርጠው የመጡትን እነዚያን ረጃጅሞች አስቀምጦ የሚያስተምራቸው የካልሲና የጫማ አጠላለቅ ነበረ፤ ካልሲው ከተጨማደደ እግር ይልጣል፣ የተላጠ እግር ከልምምድ ያስቀራል፣ ከልምምድ የቀረም አይሰለፍም ብሎ። መጀመሪያ ያነበብሁ ጊዜ ነገሩ ቧልት መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ከ«ሀ» ጀምሮ ጣታችንን ይዘው ፊደል ያስቈጠሩን የኔታም ከዚህ የተለየ ነገር አላደረጉም።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። በሩጫው ዘንድ ሰንሰለቱ አልተበጠሰልንም። ከጠላት ወረራ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ከክብር ዘበኛ ወታደሮች መካከል አበበ ቢቂላን አሠልጥኖ፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮም አደባባይ በባዶ እግሩ ድል ሲያደርግ አየ። ከዚህ ቀጥሎ ንጉሤ ሮባ መጣ፤ እርሱ ራሱ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በሜልበርን ኦሊምፒክ፣ በ1949 ዓ.ም. ኅዳር፣ የአጭር ርቀት ሯጭ ሆኖ የተሰለፈ ሲሆን፣ በአሠልጣኝነቱ ዘመን ማሞ ወልዴን በሜክሲኮ፣ ምሩጽ ይፍጠርን በሞስኮ አስመልክቶናል። ከንጉሤ በኋላ በሀንጋሪ የተማረው ወልደ መስቀል ኮስትሬ መጣ፤ ደራርቱ ቱሉን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን የመራ፣ ቍጣውና ፍቅሩ በአንድ ፊት ላይ የሚነበብ ሰው ነበረ፤ በ2008 ዓ.ም. በግንቦት ወር ዐርፏል።

እግር ኳሱ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከ20 ዓመት በላይ ተጫውቶ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የግብጽን ቡድን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፈውን የኢትዮጵያን ቡድን አሠልጥኖ፣ የአፍሪካን ዋንጫ በሀገራችን አስቀረ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ነሐሴ 1979 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበረ። ከዚህ ሰው እግር ሥር ስንት አስነጋሪ መውጣት ነበረበት? ይድነቃቸው ተጫዋችም፣ አሠልጣኝም፣ አስተዳዳሪም ሆኖ የሦስት ሰው ሥራ ለብቻው ሲሠራ፣ እኛ አደነቅነው፤ በአጠገቡ ግን ሦስት ወንበር አላኖርንም። ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ቡድናችን ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሳይመለስ 31 ዓመት ቈየ፤ የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ጦርነቱም ድህነቱም አለበት፤ አንዱ ምክንያት ግን የተበጠሰው የመምህራን ሐረግ ነው ብዬ እከራከራለሁ። አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፎ ከተመለሰ በኋላ በአዲስ አበባ 2 ለ 0 አሸንፎ ያንን የ31 ዓመት ደጅ ሲከፍት፣ ከተማው እስኪነጋ ጨፈረ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ከሥራው ተሰናበተ። ወደዚህ ሙያ ለመግባት የምታስቡ ወጣቶች ይህን ፊት ለፊት እዩት፤ በአሠልጣኝ ውል ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የስንብቱ ቀን በማይታይ ቀለም ተጽፎ ይገኛል። ስንብት ለዚህ ሙያ ሰው ነውር አይደለም፤ ስንብቱን ተከትሎ የሚጠፋው ደብተርና የሚበተነው የረዳቶች ማኅበር ግን ለሀገር ጉዳት ነው።

«እኛ በገጠር ነን፤ ይህ ሁሉ ከእኛ ምን አለው?» ለሚለኝ የማሳየው የአርሲዋን በቆጂን ነው። ስንታየሁ እሸቱ በዚያች ትንሽ የደጋ ከተማ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኖ ሲያስተምር፣ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በልጅነታቸው አይቶ፣ ለይቶ፣ ልምምድ አስጀምሯቸዋል። ዓለም የሚያውቀው የመጨረሻውን መስመር ሲሆን፣ መነሻው መስመር የተሰመረው በአንድ የትምህርት ቤት መምህር ጫማ ነው። ታዲያ እዚህ በፍኖተ ሰላምም በቡሬም መምህራን አሉ፤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ እንኳ በከተማችን አለ።

ከእነዚህ መምህራን የአንዱን ሥራ ቆሜ አይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ዘወር ስትል፣ ቀዩ አፈር በብርቱ ተረግጦ ሲሚንቶ በመሰለበት ሜዳ ላይ፣ መረቡ ከወለቀ ዘመን የሆነው አንድ ቀለበት፣ አንዲት የለሰለሰች ኳስ፣ ወደ 60 የሚሆኑ ተማሪዎች። ሩጦ ገብቶ ማስቆጠርን ያስተምራል፤ ቀኝ እግር፣ ግራ እግር፣ በግራው ተነሥቶ ኳሷን በቀኝ እጅ ከሰሌዳው ካሬ ላይ ማሳረፍ። ልጆቹ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ኳሷ ገባች አልገባችም ብለን ወደ ላይ ስናንጋጥጥ፣ መምህሩ ግን አንገቱን ደፍቶ እግራቸውን ብቻ ያያል። አንዲት ልጅ አስቆጠረች፤ ጓደኞቿ አጨበጨቡ፤ እርሱ «ተመለሺ፤ በቀኝሽ ነው የተነሣሽው» አላት። ሌላዋ ሳተች፤ «ጎበዝ፤ እንዲያ ነው» አላት። ወጣቶች ሆይ፣ አሠልጣኝነት የሚባለው ምሥጢር ተጠቅልሎ በእነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ ነው ያለ፤ ያስቆጠረችውን የመለሰ፣ የሳተችውን ያመሰገነ ሰው፣ ኳሱ ነገ የት እንደሚያርፍ ዛሬ አይቷል። ኳሷ አንዲት ስለሆነች የቀሩትን ልጆች ያለ ኳስ እርምጃውን በመስመር ያስለማምዳቸው ነበር፤ ይህንንም የትኛውም የአዲስ አበባ ክለብ አላስተማረውም፣ ችግር ያስተማረው ብልሃት ነው።

ልምምዱ ሲያበቃ ከማንኩሳ በኩል የመጡ አንድ አባት፣ በትራቸውን ተደግፈው ሲመለከቱ ቆይተው፣ ወደ መምህሩ ጠጋ አሉና «መምህር፣ ልጄ ያችን ኳስ ሲያነጥር ይውላል አሉኝ፤ ለመሆኑ እንጀራ ይሆነዋል?» ብለው ጠየቁት። መምህሩም አልዋሸም፤ «አባቴ፣ ላይሆነው ይችላል፤ ትምህርቱን ግን እንዲተው አልፈቅድለትም፤ ነጥብ ከቀነሰ ከሜዳው አስወጣዋለሁ» አላቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያማ ይሁን፤ እኔንስ አባቴ ለቆሎ ትምህርት ሲሰዱኝ እንጀራ ይሆነዋል ብሎ ማን ዋስ ጠራላቸው?» ብለው ሄዱ።

የመምህሩ መልስ እውነተኛ ነበረ። በሀገራችን በቅርጫት ኳስ አሠልጣኝነት ብቻ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ቀን ያስተምራል፣ ወይም በቢሮ ይውላል፣ ማታ ያሠለጥናል። ወወክማ ወጣቱን በሰፊው በሚያጫውትበት ዘመንም ሁኔታው ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ነገር ግን በሙያው የሚኖር ሰው በሌለበት ሀገር ሙያው ሊኖር አይችልም ማለት አይደለም። ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ነጻ የወጣችው በ2003 ዓ.ም. ሐምሌ ነው፤ የቤት ውስጥ ሜዳ በሌለበት ሀገር፣ ሉዎል ዴንግ የሚባለው የቀድሞ ተጫዋች የፌዴሬሽኑን ሥራ ይዞ፣ ሮያል አይቪ የተባለውን አሠልጣኝ ጠርቶ፣ በስደት በየዓለሙ የተበተኑትን ልጆች ሰበሰበ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ያ ቡድን የአሜሪካን የከዋክብት ቡድን በለንደን በወዳጅነት ጨዋታ አስጨንቆ በ1 ነጥብ ብቻ፣ 101 ለ 100፣ ተሸነፈ፤ በሳምንቱ ገደማ በፓሪስ ኦሊምፒክ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸነፈ። አይቪም ቢሆን ከተጫዋችነት ዘሎ ዋና አሠልጣኝ አልሆነም፤ በባለሙያዎቹ ማኅበር በረዳትነት ወንበር የተቀመጠ ሰው ነው።

እንግዲህ ጉድለታችን የት ነው? በላይ በላይ ዋና አሠልጣኝ አለን፤ በታች በታች በየትምህርት ቤቱ ትጉህ መምህር አለን። በሁለቱ መካከል ሊቆም የሚገባው መሰላል ግን ሁለተኛው እርከኑ ወልቋል። መምህሩ ሲዛወር ወይም ሲታክት፣ ያ ሁሉ የእግር አያያዝ፣ ያ ሁሉ ብልሃት አብሮት ይሄዳል፤ ተተኪው ከሀሁ ይጀምራል። ይህን ጉድለት በአጭር ቀን ሥልጠናና በሚያምር ወረቀት ለመሙላት የሚደረገውን ድካም አልንቅም፤ ወረቀቱ ሕጉን ያስተምራል፤ አንድ ሩብ 10 ደቂቃ መሆኑን፣ በመጀመሪያው አጋማሽ 2 ጊዜ፣ በሁለተኛው 3 ጊዜ ብቻ ጨዋታ አቋርጦ ተጫዋቾችን ማነጋገር እንደሚፈቀድ፣ እያንዳንዱም ንግግር 1 ደቂቃ እንደ ሆነ ያስተምራል። በዚያች በ1 ደቂቃ ውስጥ ለደከሙ፣ ለተቈጡ፣ ላብ ዓይናቸውን ለጋረደው አምስት ልጆች ምን እንደሚባልና ምን እንደማይባል ግን በወረቀት አይገኝም፤ የሚችል ሰው ሲናገር በአጠገቡ ተቀምጦ ደጋግሞ በመስማት ብቻ ይገኛል። ቅኔ በተልእኮ ትምህርት እንደማይገኝ ለጎጃም ሰው ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ለኮሌጁ ተማሪዎች የምለው ይህ ነው፤ ተመርቃችሁ ወደ ሰከላም ሆነ ወደ ወምበርማ ስትመደቡ፣ ዋና ለመባል አትቸኩሉ፤ በአቅራቢያችሁ ያለውን የሚያውቅ መምህር ፈልጉና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተር ይዛችሁ በአጠገቡ ተቀመጡ። ለቆዩት መምህራን የምለው ደግሞ፣ ዕውቀታችሁን እንደ ምሥጢር አትሸሽጉት፤ ልምምዱን ስታዘጋጁ፣ የትኛው ነገር ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ያንን ወረቀት ለረዳታችሁ ስጡት። ሴቶች ልጆችንም በረዳትነት ጥሩ፤ አስነጋሪ ለመሆን ጢም አያስፈልግም።

በመጨረሻም በዚህ ጉባኤ ለተገኛችሁ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች አንዲት ልመና አለችኝ፤ ገንዘብ የማትጠይቅ ናት። ለሚመጣው የትምህርት ቤቶች ውድድር በምታወጡት ደንብ ላይ፣ ከዋናው አሠልጣኝ ጋር የአንድ ረዳት አሠልጣኝ ስም ያላስመዘገበ ቡድን አይመዘገብም የምትል አንዲት አንቀጽ ጨምሩልን፤ ከሜዳውም ዳር ለዚያ ረዳት አንድ ወንበር አኑሩለት።